ከዲላ ቁልቁል፦ ያረጀ የትራክተር ማረሻ አያያዝና ማስተካከል

ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ካሉት የዲላ ብየዳ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ፣ አንድ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ሁለት ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። ድሮ ቀይ ቀለም እንደነበረው የሚያሳብቀው ከቡሎኖቹ ሥር የተረፈው ቅንጣት ብቻ ነው። ትራክተሪስቱ ያመጣው ከቆላው፣ ከዓባያ በኩል ነው። «ጋሼ፣ አርጅቷል፤ አልገባ ብሏል። ከላዩ ብረት ይበይዱበትና ይክበድ» ይላል። ሽማግሌው መካኒክ ወዲያው አልመለሱለትም። ቁጢጥ ብለው ዲስኮቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ገፉ። የፊተኛው ዞረ። መሐለኛውም ዞረ። የኋለኛው ግን አሸዋ እንደበላ ወፍጮ አጉረምርሞ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ ይኼ ግሪስ ካየ ስንት ጊዜው ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መሬት መሬት አየ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያረጀ ማረሻ ባየሁበት ሁሉ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ ይህ ዳሰሳም የጥያቄው ውጤት ነው። እስካሁን ካየኋቸው ውስጥ በእውነት ያረጁት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ልካቸው የተዛባ፣ ኩሽኔታቸው የደረቀ፣ ከትራክተሩ ጋር በትክክል ያልተያያዙ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ግን «አርጅቷል» ብለው አዲስ ሊገዙ ይነሣሉ፤ አለዚያም ከላይ ብረት አስበይደው የትራክተሩን ነዳጅ ያስበሉታል።

ዲላ ያለችበት ጌዴኦ ስለ ማረሻ ለመጻፍ የሚመረጥ አገር አይመስልም። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አድርጎ ወደ ኮቸሬና ወደ ጌደብ የሚሄድ መንገደኛ የሚያየው የታረሰ ሜዳ አይደለም። ዳገቱን ዋንዛና ብርብራ ጥላ ሆነው ሸፍነውታል፤ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ በቡናው ሥር ደግሞ ጎመንና ቦዬ አለ። አፈሩ የሚቆፈረው በእጅ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው ይህንኑ ዛፍና ሰብል የተደራረበበትን አኗኗር ከነትክል ድንጋዮቹ ነው። የቤተሰቡ ይዞታ ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ በአገሪቱ ጥቅጥቅ ብለው ከሚኖሩት የገጠር ነዋሪዎች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ትራክተር መዞሪያም አያገኝም።

ዲላ ግን ሁለት ዓለም የሚገናኝባት ከተማ ናት። እሷ ራሷ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በስተምሥራቅና በደቡብ ደጋው ይነሣል፤ እስከ ቡሌ ድረስ ሲወጡ እንሰቱና ቀርከሃው ይበረክታል። በስተምዕራብ ደግሞ መሬቱ ተንሸራትቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፤ ዓባያ ሐይቅ ያለው 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ አራት መቶ ሜትር ቁልቁለት ውስጥ የእርሻው ዓይነት ፈጽሞ ይለወጣል። በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የጊዳቦ የመስኖ ግድብ ያለው በዚያው በቆላው፣ በምዕራብ ጉጂና በሲዳማ አዋሳኝ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ማሳው ሰፊ ነው፣ የሚታረሰውም በትራክተር ነው። ማረሻው ሲሰበር ደግሞ መጠገኛ ፍለጋ የሚመጣው ሽቅብ፣ ወደ ዲላ ነው። ራሷ የማታርሰው ከተማ የቆላውን ማረሻ ትጠግናለች።

የትራክተር ማረሻ ወደዚህ አገር የገባበት ታሪክ ረጅም ባይሆንም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ካዱ፣ ለአነስተኛ ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለማድረስ የታሰበ ነበር። ምርቱ ሲያድግ ባለርስቶቹ በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣ አዩና ጭሰኞቻቸውን ከመሬታቸው ማስነሣት ጀመሩ። ማረሻው ባረሰበት ጎጆ ፈረሰ። በሁመራም በኩል በዚያው ዘመን ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች በትራክተር ተከፍተዋል። በጌዴኦ ትራክተር ባይኖርም የመሬት ነገር ቀላል አልነበረም፤ በ1952 ዓ.ም በሚችሌ ገበሬው በባለመሬት ላይ ተነሥቶ ብዙ ደም ፈስሷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ፣ ትላልቆቹ የሜካናይዝድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እገዛ በናዝሬት የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ቤላሩስ የተባለውን ትራክተር ለአገሬው አዳረሰ። ዛሬም በየገጠሩ አንድ ቤላሩስ ጭሱን እየተፋ ሲሠራ ማየት ብርቅ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም መንግሥት በእርሻ መሣሪያዎች ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ካነሣ በኋላ ደግሞ አዳዲስ ትራክተሮች በብዛት ገብተዋል። የበጋ መስኖ ስንዴውና የኩታ ገጠም እርሻው ፍላጎቱን አበርትተውታል። ዘገባው ሁሉ የሚቆጥረው ግን ትራክተሩን ነው። ሞተሩ ዘይት ይቀየርለታል፣ ጎማው ይታያል፣ ከኋላ የሚጎተተው ብረት ግን ከክረምት እስከ ክረምት ማሳ ዳር ተጥሎ ዝናብ ይመታዋል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አፈሩን የሚነካው ትራክተሩ አይደለም፤ ማረሻው ነው።

የበሬውን ማረሻ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ፣ ወገሉ ሁሉ የየራሱ ልክ አለው። ማረሻው ሲጠልቅበት ወይም ሲንሳፈፍበት አራሹ ሽብልቁን ገፋ ወይም ለቀቅ አድርጎ ሞፈሩ ከማረሻው ጋር የሚገጥምበትን ያስተካክላል፣ ምራኑን ያጠብቃል፣ እንደገና ይሞክራል። መልካሳ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ እርፍና ሞፈር ላይ የሚገጠም አፈር ገልባጭ ማረሻ ለመሥራት ሲነሣ የጀመረውም ገበሬው ከሚያውቀው ልክ ነበር። የትራክተር ማረሻም እንዲሁ ሽብልቅ አለው፤ ሽብልቁ ግን ቡሎን፣ ቶፕ ሊንክና የሃይድሮሊክ ክንድ ሆኗል።

በእኛ አገር የሚዘወተሩት የትራክተር ማረሻዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሞልድቦርድ የሚባለው፣ ስለቱ አፈሩን ቆርጦ የተጠማዘዘው ክንፉ የሚገለብጠው ነው። ሁለተኛው ዲስኩ ነው። ልዩነታቸውን ሳያውቁ ማስተካከል አይቻልም። ሞልድቦርድ ወደ መሬት የሚገባው በስለቱ ቅርጽ ነው፤ ጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ታች የደፋ ስለሆነ ትራክተሩ ሲጎትተው መሬቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጫፉ በልቶ ያ ጥቂት ሚሊሜትር ከጠፋች ማረሻው የቱንም ያህል ቢከብድ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ዲስክ ግን የሚስበው ነገር የለም፤ የሚገባው በክብደቱና በማዕዘኑ ነው። ሥር ቢያገኘው ወይም ድንጋይ ቢመታው ተንከባሎበት ያልፋል። ጉቶና ድንጋይ በበዛበት፣ በጋ ላይ እንደ ሸክላ በሚደርቀው መሬታችን የተወደደው ለዚህ ነው።

የማዕዘኑ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ዲስኩ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር የሚሠራው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ዲስኩ ቀጥ ብሎ ከመቆም ወደ ኋላ የሚጋደልበት ነው፤ እሱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይደርሳል። ዲስኩ ቀና ባለ መጠን ይጠልቃል፤ በተጋደለ መጠን ይንሳፈፋል። ስለዚህ ደረቅና ጠንካራ መሬት አልገባ ያለ ማረሻ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ክብደት ሳይሆን ቀና መደረግ ነው። በብዙ ማረሻዎች ላይ የዲስኩ መያዣ ሁለት ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ቡሎኑን ፈትቶ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ማዛወር ነው። ቡሎኑ ዝጎ ስለማይፈታ ብቻ ዓመታት በአንድ ማዕዘን ያረሱ ማረሻዎች አይቻለሁ። ናፍጣ አፍስሶ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ጠዋት በረጅም ቺያቬ መሞከር ነው፤ በመዶሻ የሚደበድበው ሰው የቡሎኑን ራስ ይበላዋል።

መካኒኩ ያን ቀን ያሳዩኝን ሥራ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ የነገሩ እምብርት እሱ ነው።

መጀመሪያ ማረሻውን ትተው ወደ ትራክተሩ ሄዱ። የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ነፋስ አስለኩ፤ አንዱ ለስለስ ብሎ ነበር። «ትራክተሩ ያነከሰ እንደሆነ ማረሻው ምን ይሁን?» አሉ። ነፋሱ እኩል ከሆነ በኋላ በሲሚንቶው ላይ አንድ ጠርብ ከግራ የኋላ ጎማው፣ ሌላ ጠርብ ከግራ የፊት ጎማው ሥር አስገቡ። ጠርቡ አንድ ስንዝር ገደማ ይሆናል። ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ሲታረስ የቀኝ ጎማዎች ቀደም ብሎ በተከፈተው ፈር ውስጥ ይሄዳሉ፤ የግራዎቹ ደግሞ ገና ባልታረሰው ላይ። ስለዚህ ትራክተሩ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነው የሚያርሰው። ጠርቡ ያንን ማሳ ግቢ ውስጥ ያመጣዋል፤ ውፍረቱም ማረስ ከሚፈለገው ጥልቀት ጋር እኩል ነው።

ከዚያ ማረሻው ተያይዞ ወረደ። እዚያው ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ጉዱ ታየ፤ የፊተኛው ዲስክ ሲሚንቶውን ሲነካ የኋለኛው አራት ጣት ያህል ተንጠልጥሎ ቀረ። ቶፕ ሊንኩ ከመጠን በላይ አጥሮ ነበር። ከላይ በኩል ትራክተሩንና ማረሻውን የሚያያይዘው ይህ ዘንግ ሲያጥር የማረሻው አፍንጫ ይደፋል፣ ሲረዝም ጅራቱ ይወርዳል። መካኒኩ ሦስቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ሲሚንቶውን እስኪነኩ ድረስ አዙረው አዙረው አስረዘሙት። ቀጥለው የቀኙን የሃይድሮሊክ ክንድ በመዘውሩ አስተካክለው ግራና ቀኙን አመጣጠኑ። የማረሻው ወገብ ከሲሚንቶው ጋር ትይዩ ሆነ። የታችኞቹን ክንዶች የሚይዙት ሰንሰለቶች ግራና ቀኝ እኩል መላላታቸውንም አዩ፤ አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ማረሻው ወደ ጎን ተሰድዶ የፊተኛውን ፈር ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል።

ይህ ሁሉ ሥራ የፈጀው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የተገዛ ዕቃም አልነበረም። ቶፕ ሊንኩና ሁለቱ የታች ክንዶች የሚሠሩትን ይህን ማያያዣ ለዓለም ያበረከተው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ነው፤ ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተር ጋር አጣብቆ በሃይድሮሊክ የማንሣት ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1939 በፎርድ ትራክተር ላይ ወጥቶ አገር ምድሩን አዳረሰ። ዛሬ በዓባያ ዳር ያለው ማሲ ፈርጉሰንም፣ ቤላሩሱም፣ ሕንድ ሠራሹም ያንኑ ሦስት ነጥብ ይዘዋል። የፈርጉሰን ብልሃት ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል ማድረጉ ነው፤ በማሰሪያው ላይ ያለች ትንሽ ዝንፈት በቀጥታ ወደ ፈሩ የምትወርደውም ስለዚህ ነው።

ከኋላ ያለችው የፈር ጎማ ደግሞ የተረሳች ሎሌ ናት። ዲስኮቹ አፈሩን ወደ ቀኝ ሲገፉ አፈሩም በምላሹ ማረሻውን ወደ ግራ ይገፋዋል። ያንን ግፊት የፈሩ ግድግዳ ላይ ተደግፋ የምትችለው እሷ ናት። ጠርዟ የተላጨ ወይም አክስሏ የተጣመመ እንደሆነ ማረሻው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ትራክተሪስቱም መሪውን ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ያመሻል። ማታ ትከሻው የሚያመው ትራክተሪስት ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ያችን ጎማ ቢያያት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ኩሽኔታው። በእያንዳንዱ ዲስክ ጀርባ ባለው ቋት ውስጥ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ። ሥራቸው ከባድ ነው፤ የሚሽከረከሩት ከአፈር አንድ ስንዝር ርቀው፣ አንዳንዴም አፈሩ ውስጥ ነው። የሚገድላቸው ሸክም አይደለም፤ በተበላ ጎሚኒ አልፎ የሚገባ አቧራ ነው። ግሪስ የሚሰጠው ለማለስለስ ብቻ እንዳልሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። በጎሚኒው ዳር ትንሽ ወጣ ብሎ ሲታይ አቧራውን ገፍቶ እያስወጣ ነው። ስለዚህ ማረሻ በሚሠራበት ወቅት በየቀኑ፣ በተለይ ማታ ሥራ ሲቆም፣ ኩሽኔታው ገና ሙቅ ሳለ ግሪስ መስጠት ይገባል። ቀዝቅዞ ካደረ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይስባል።

ያን የቆመውን ዲስክ ሲፈቱት ውስጡ የወጣው ግሪስ አይመስልም ነበር፤ የቀይ አፈር ጭቃ ነበር። መንከባለያዎቹ ተጠፍጥፈው ነበር። ትራክተሪስቱ «አዲሱ ከየት ይገኛል፣ ማረሻው እኮ የድሮ ነው» አለ። መካኒኩ የኩሽኔታውን ቀለበት በናፍጣ አጥበው ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩት፤ ጠርዙ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ይህን ቁጥር የሚያነብ ሰው ፋብሪካው ቢዘጋም አይቸገርም። 30208 ቢል ለምሳሌ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን 08 በ5 ሲያባዙት የቀዳዳው ስፋት 40 ሚሊሜትር መሆኑን ይነግርዎታል፤ ያው ኩሽኔታ ለመኪናም ለወፍጮም የሚሆን ስለሆነ መለዋወጫ መደብር ውስጥ ይገኛል። አዲሱ ሲገጠም ዳዶው የሚጠብቀው ዲስኩ በእጅ ሲዞር በነፃ እንዲዞር፣ ግን ሲወዘወዝ እንዳይንቀጠቀጥ ተደርጎ ነው። አጥብቆ የሚያስረው ሰው በአንድ ቀን ያቃጥለዋል።

እግረ መንገዴን፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ሮንዴላ፣ ቺያቬ፣ ፒንሳ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ዲስክ፣ ግሪስ፣ ቶፕ ሊንክ ደግሞ ከእንግሊዝኛ። ፈር፣ ትልም፣ እርፍ የራሳችን። አንድ የዲላ መካኒክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስቱንም ሲያናግራቸው ያለ ምንም ጭንቀት ነው። የሚጎድለው ይህ ቋንቋ ወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። ከማረሻው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ እውቀቱ በሽማግሌው እጅ ላይ አለ፣ ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በአማርኛም በጌዴኡፋም በሥዕል የተደገፈ አሥር ገጽ መጽሐፍ ቢኖር ብዙ ማረሻ ይድን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዲስኩ ራሱ ሲበላ ሁለት ነገር ይታያል። ጠርዙ ይደነዝዛል፣ ስፋቱም ይቀንሳል። የደነዘዘውን ከጎበጠው ጀርባው በኩል በሞላ ቀስ ብሎ መሳል ይቻላል። ቀስ ብሎ ያልኩት ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬው ስለሚጠፋ ነው። የተሰነጠቀ ዲስክ ላይ ብየዳ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ስንጥቁን ከብየዳው ጎን እንደገና መክፈት ነው፤ የዲስክ ብረት እንደ ላሜራ አይደለም። ስፋቱ ሲቀንስ ደግሞ ሦስቱ እኩል መሆናቸውን ማየት ያሻል። አንዱን ብቻ አዲስ መግዛት ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ ከሁለቱ አሮጌዎች በላይ ይጠልቅና የፈሩን ወለል ደረጃ ያለው ያደርገዋል። መግዛት ካልተቻለ ትልቁ አሮጌ ከፊት፣ የባሰው ከኋላ እንዳይሆን፣ ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ መሰብሰብ ይሻላል። መፋቂያዎቹም አይረሱ፤ ከዲስኩ ሆድ ጥቂት ሚሊሜትር ርቀው የተጣበቀውን ጭቃ የሚያራግፉ ናቸው። ሲርቁ ዲስኩ ጭቃ ተሸክሞ ይዞራል፣ ሲነኩ ራሳቸውም ዲስኩም ይበላሉ።

አንድ ነገር ከራሴ ልናገር። ወጣት ሳለሁ ማሳ ጫፍ ላይ ማረሻውን ሳላነሣ ትራክተር አዙሬ አውቃለሁ። ችኮላ ነበር፣ መሽቶም ነበር። አንዲት የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ፤ የማረሻው ወገብ ተጣመመ። ብየዳው ተሠራለት፣ ግን ከዚያ ወዲያ ያ ማረሻ ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ በየዓመቱ ቶፕ ሊንኩን ብናጫውተውም ጅራቱ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። የተጣመመ ወገብ ማስተካከያ የለውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በእርግጠኝነት «አርጅቷል» የምለው እንዲህ ያለውን ማረሻ ብቻ ነው። ሌላም ላክል፦ በሃይድሮሊክ ብቻ ተነሥቶ በተንጠለጠለ ማረሻ ሥር ማንም አይግባ። አንድ ጎሚኒ ቢፈነዳ ማረሻው ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ጠርብ ይደገፍበት፣ ወይም መሬት ላይ ይረፍ።

ወቅቱ ሲያልፍ ማረሻውን ማሳደሩም ጥበብ ይጠይቃል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የሚያብረቀርቀው ክፍሉ ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ፣ ከአፈር ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ይቀመጣል። በዲስክ ላይ የያዘ ዝገት ምንም የማይጎዳ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አፈሩ እንደ በፊቱ እያንሸራተተ አያልፍበትም፣ ይጣበቅበታል፣ ትራክተሩም ያለቅሳል።

እስካሁን የተናገርኩት ማረሻው እንዴት ይስተካከል ነው። መታረስ አለበት ወይ የሚለውም ጥያቄ አለ፤ ዳሰሳ ነው ካልን ልናልፈው አይገባም። አሜሪካ ሜዳዋን ገልብጣ ካረሰች በኋላ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አፈሯ በነፋስ ተነሥቶ ሰማይ አጨለመ። በ1943 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ፎክነር የተባለ አሜሪካዊ በጻፈው መጽሐፍ አፈር ገልባጭ ማረሻን በቀጥታ ከስሶ ብዙ አከራክሯል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አፈሩን ሳይገለብጡ፣ ገለባውን ከላይ ትተው የሚዘሩ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። በእኛም ቆላ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲታረስ ከዲስኩ ሥር የሚፈጠር የተጠቀጠቀ ንጣፍ አለ፤ ውኃ አያሳልፍም፣ ሥር አያስገባም። ይህን ለማወቅ ቀጭን ብረት ዘንግ ይዞ ማሳ ውስጥ መውጋት ይበቃል። ዘንጉ በቀላሉ ገብቶ በድንገት ቆም የሚልበት ጥልቀት የማረሻው ጥልቀት ከሆነ፣ ንጣፉ ተሠርቷል ማለት ነው። የእኔ አቋም መካከለኛ ነው። የቆላው ሜዳ ማረሻውን አይተውም፣ አሁን ሊተወው የሚያስችል መሣሪያም የለው። ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥልቀት መያዝ፣ ያለ ፋታ ሦስቴ አራቴ መገልበጥ፣ ውኃ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ፈር መቅደድ፣ እነዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሊቀሩ ይችላሉ።

ከዲላ ሽቅብ ግን አቋሜ መካከለኛ አይደለም። የቡና አብዛኛው ምግብ ሰብሳቢ ሥር ያለው ከላይ ባለው ሠላሳ ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው። ይህ ልክ ዲስክ የሚወርድበት ጥልቀት ነው። የእንሰትም ሥር ከላይ ነው የሚሰራጨው። በአንድ የይርጋ ጨፌ ጓሮ ውስጥ ዲስክ አንድ ጊዜ ቢያልፍ፣ ቡናው ሥሩን፣ ዳገቱ አፈሩን ያጣል። ጌዴኦ ላይ ትራክተር ለምን አልደረሰም ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ኋላ ቀርነት ይመስላቸዋል። የዚያ አገር ሰው ግን ዳገቱን በእጅ እየቆፈረ፣ ቅጠሉን መሬት ላይ እየተወ፣ የተክሎቹን ጥላ እያመጣጠነ ነው የኖረው። አፈሩ እስካሁን ዳገቱ ላይ ያለው በዚህ ነው። ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው ማሽን ካለ የእንሰት መፋቂያና የቡና መፈልፈያ ነው እንጂ ማረሻ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ማረሻው ወደ ቆላው ሲወርድ አብሬ ሄድኩ። አንድም ኪሎ ብረት አልተበየደበትም፤ አንድ ኩሽኔታ፣ ሁለት ጎሚኒ፣ ጥቂት ግሪስና ሦስት የተቀየሩ ቡሎኖች ናቸው የገቡት። ትራክተሪስቱ የመጀመሪያውን ፈር ከፈተ። መካኒኩ ከኋላ እየተራመዱ ጣታቸውን ፈሩ ውስጥ ከተው ለኩ፤ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ሁለተኛው ፈር ላይ እንደገና ለኩ። የፊተኛው ዲስክ ከኋለኞቹ ሰፋ አድርጎ ይቆርጥ ነበር። ቆም አስደረጉት፤ ማረሻው ከታችኞቹ ክንዶች ጋር የሚያያዝበትን መስቀለኛ አክስል ትንሽ አዙረው ፈሩን አጠበቡት። ሦስተኛው ፈር ላይ የሦስቱም ዲስኮች ትልም እኩል ወደቀ፣ ወለሉም ደረጃ አልነበረውም። ትራክተሪስቱ ጋዙን ሰጠ ቀነስ እያደረገ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፤ ሽቅብ ስናይ ከኋላችን የጌዴኦ ዳገት በጭጋጉ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

መካኒኩ መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ወደ ልጁ ጮኹ፤ «ማታ ሳትረሳ፣ ሙቅ ሳለ!»